ርስት ፍለጋ አራት አገር ዞረን

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ዛንዚባር ላይ ለሚሠራ አፓርታማ ቀብድ ልትልከው ነው። «አክስቴ፣ ከበረንዳው ባሕሩ ይታያል፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ዋጋው እንደሚጨምር ነግረውኛል» አለችኝ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔው ድምፅ ነበር። ዓርብን ብቻ አሳልፊልኝ ብዬ ለመንኳትና የደረሰብንን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳት። ለእሷ የነገርኳት ለሌላውም እንዲደርስ ብዬ ነው እዚህ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

እኔና ባለቤቴ ሚኒሶታ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል፤ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ እሱ ከባድ መኪና እየነዳ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ ብዙም አያስፈራኝም። እሱ ግን የሸዋ ሮቢት ሰው ነው፤ ማንጎ ሥር ያደገ፣ ፀሐይ ካልነካው ፊቱ የማይፈታ። ጉልበቱን ቁርጥማት ሲይዘው፣ ሐኪሙም ቅዝቃዜው እንደማይስማማው ሲነግረው፣ ጡረታ ስንወጣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ባለበት አገር ቤት ገዝተን፣ ግማሹን እያከራየን ለመኖር ተስማማን። ለምን ወደ አገር ቤት አላሰባችሁም የሚል ይኖራል። ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ዘመዶቻችንም «ትንሽ ይረጋጋ፣ አሁን አትምጡ» ይሉን ነበር። በሁለታችን የቆጠብነው 140,000 ዶላር ነበረን።

የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሠንጠረዥ ሠራን። ኮስታ ሪካ፣ ፓናማ፣ ታይላንድ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያ። አንዱ ዓምድ የቤት ዋጋ፣ አንዱ የሙቀቱ መጠን፣ አንዱ የበረራ ሰዓት፣ አንዱ የወር አስቤዛ። ዛሬ ያንን ወረቀት ሳስበው፣ ዋናው ዓምድ አልነበረበትም፤ የውጭ አገር ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ በእጁ የሚገባው መብት ምንድን ነው የሚለው። እኛ ሸዋዎች መሬት ገዛሁ ስንል ልባችን ውስጥ ያለው ርስት ነው፤ ለልጅ የሚያልፍ፣ ማንም የማይነቀንቀው። «በሚስትና በርስት ዋዛ የለም» እየተባልን ነው ያደግነው። እኛ የምንጠየቅበት ገንዘብ ግን የርስት ዋጋ አልነበረም። አንዱ አገር የሠላሳ ዓመት ኪራይ፣ ሌላው የ99 ዓመት ሊዝ፣ ሌላው ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል። ደላሎቹ ሁሉ ግን «መግዛት» ነበር የሚሉት፤ እኛም ቃሉን ሰምተን አመንን።

በየካቲት 2009 ዓ.ም. ኮስታ ሪካ ሄድን፣ ጓናካስቴ ወደሚባለው የፓስፊክ ጠረፍ። ጠብታ ዝናብ የለም፤ ነፋሱ ደስ ይላል፤ ባለቤቴ ጉልበቱን ረሳው። በአምስተኛው ቀን አንድ ደላላ ከባሕሩ ሰማንያ ሜትር እንኳ የማትርቅ ቤት በ95,000 ዶላር አሳየን። 5,000 ዶላር ቀብድ ከፍለን ተመለስን። ጠበቃ የያዝነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነገሩን ከጅራቱ ጀመርነው ማለት ነው።

ጠበቃዋ እንዲህ አስረዳችን። በኮስታ ሪካ የውጭ ሰው እንደ ዜጋው መሬት በስሙ ማስመዝገብ ይችላል፤ በዚህ ከብዙ አገር ትሻላለች። የባሕሩ ዳር ግን ሌላ ሕግ አለው። ውኃው ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ 200 ሜትር ድረስ ልዩ ክልል ነው። የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው። የቀረው 150 ሜትር ማዘጋጃ ቤት በኮንሴሽን ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው እንጂ የሚሸጥ አይደለም፤ የውጭ አገር ሰው ደግሞ አገሩ ውስጥ አምስት ዓመት ካልኖረ በስሙ ሊይዘው አይችልም። የእኛ ቤት ከዚያ ክልል ውስጥ ነበረች። ቀብዱ በዚያው ቀረ። ጠበቃዋ ነገሩ ላይ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀባት። እዚያ አገር በብሔራዊ መዝገብ ቤት የተመዘገበ ይዞታ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ያለው ሰው ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ያያል። ደላላው ብዙ ፎቶ ሰጥቶናል፤ ቁጥር ግን አልሰጠንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እናንተ ከፎቶው በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። ጠበቃውን ደግሞ ሻጩ ወይም ደላላው እንዳይመርጥላችሁ፤ ራሳችሁ ፈልጉ፣ ራሳችሁ ክፈሉት።

ዳግመኛ የሄድነው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው፣ ከጠረፉ ራቅ ያለ፣ በስም የሚመዘገብ ቤት ለማየት። ኔት የተባለው ከባድ ማዕበል እዚያው አገኘን። ድልድይ ተወሰደ፣ መንገዱ በጭቃ ተደፈነ፤ ውኃና መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተዘግተን ከረምን። የማረፊያዋ ባለቤት በሻማ ብርሃን ብዙ ነገረችን። በዚያ ጠረፍ ከግንቦት እስከ ኅዳር ዝናብ ነው። ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ይሻግታል፤ የባሕሩ ጨው የበሩን ማጠፊያ ይበላዋል፤ እንግዳም ይጠፋል። እኛ የኪራይ ገቢያችንን ያሰላነው የየካቲቱን ዋጋ በዐሥራ ሁለት እያባዛን ነበር። ልትኖሩበት የምታስቡትን አገር በክረምቱ ሄዳችሁ እዩት፤ በበጋ ያየነው ቤትና በዝናብ ያየነው ቤት አንድ አይደለም።

ከዚያ ፓናማ ተሻገርን። ቦኬቴ የምትባል ከተማ አለች፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ከደብረ ሲና ወደ ሮቢት ስትወርዱ መሐል ላይ የሚቀበላችሁን ለዘብ ያለ አየር አስታወሰችኝ፤ ለእኔም ለባለቤቴም የምትስማማ የመጀመሪያዋ ቦታ እሷ ነበረች። አገሩ የሚገበያየው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ የምንዛሬ ጣጣ የለበትም። በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ያለው ሰው የጡረተኛ መኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኮስታ ሪካም በዚሁ መጠን ትሰጣለች። እዚያ የሚበቅለውና ዓለም በውድ የሚገዛው ጌይሻ የተባለ ቡና ዘሩ ከእኛው አገር ከጌሻ የሄደ መሆኑን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። በፓናማ የምትጠነቀቁት የተመዘገበ ባለቤትነት ያለውን መሬትና «የይዞታ መብት» ብቻ ያለውን መሬት ለይታችሁ እንድታውቁ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ በተለይ በጠረፍና በደሴት ላይ ይበዛል፤ በመዝገብ ቤት ባለቤትነቱ የተረጋገጠ አይደለም።

ቦኬቴን የተውናት ግን በሕጉ ምክንያት አይደለም። አንድ እሑድ ጠዋት ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቆየና «እዚህ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለኝ። ቅዳሴ የለም፣ እድር የለም፣ አማርኛ የሚሰማ ጎረቤት የለም። ነገሩን ፍርሃት ነው ብዬ ላልፈው ፈልጌ ነበር። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሽማግሌና አሮጊት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲያረጅ ሁለተኛ ቋንቋው እንደሚጠፋው፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው የእናቱ ቋንቋ ብቻ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመርንና «እድር» ብለን ጻፍንበት።

ሕክምናውንም ያን ጊዜ ነው የመረመርነው። ለአሜሪካ ጡረተኞች ይህን በደንብ ስሙኝ። ከደመወዛችን ሲቆረጥ የኖረው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድኅን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሕክምና አይከፍልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ግን ለዜጋ ወደ አብዛኛው አገር ይላካል። ስለዚህ ወጪያችሁን ስታሰሉ የጤና መድኅኑን ወይም ለሕክምና ወደ አሜሪካ መመለሻውን ጨምሩበት። ደግሞ በውጭ አገር ባንኮች ያላችሁ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ግብር ባይኖርበትም ባለማሳወቃችሁ ትቀጣላችሁ።

ታይላንድን ሳናያት ነው ከሠንጠረዡ የሰረዝናት። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ እዚያ ይኖራል፣ ደስተኛም ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው 800,000 ባህት ባንክ ካስቀመጠ ወይም በወር 65,000 ባህት ገቢ ካሳየ የጡረታ ቪዛ ያገኛል፤ በየ90 ቀኑ አድራሻውን ያሳውቃል። መሬት ግን ለውጭ ሰው አይፈቀድም። በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ከወለሉ ስፋት 49 በመቶው ድረስ ብቻ ነው በውጭ ሰዎች ስም የሚያዘው። ባለቤቴ መሬት መርገጥ የሚፈልግ ሰው ስለሆነ አልተስማማውም።

አሁን የምናገረው ከሁሉ የሚከብደኝን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኡጋንዳ ሄድን። ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ካምፓላ ውስጥ ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር እንጀራውም ቡናውም የእኛው ነው፤ የምናስቀድስበትም አገኘን። እድር የሚለው ዓምድ ሞላ። እዚያው አንድ ያገራችን ሰው ተዋወቅን። አማርኛው የሸዋ ነው፤ ጾማችንን አብሮን ጾመ፣ ባለቤቱ ሽሮ ሠራችልን። እሱ ነው ከካምፓላ አጠገብ ዋኪሶ ላይ አንድ ኤከር ተኩል መሬት ያገናኘን፤ ሙዝና ቡና ያለበት ቀይ አፈር፣ በ34,000 ዶላር።

የባለቤትነት ወረቀቱ እውነተኛ ነበር። የመሬቱ ዓይነት «ማይሎ» ይባላል። በኡጋንዳ ሕግ የውጭ ዜጋ ማይሎ መያዝ አይችልም፤ የሚፈቀድለት ከ99 ዓመት የማይበልጥ ሊዝ ብቻ ነው። ይህን አውቀናል፤ ከኮስታ ሪካ በኋላ ጠይቀን ነበር። ሰውየው ግን «ችግር የለም፣ እኔ በማምነው ኡጋንዳዊ ስም እናደርገዋለን፤ ለእናንተ የውስጥ ውል ይፈርምላችኋል» አለን። እኛም እሺ አልን። በኮስታ ሪካ ባዕዱን ደላላ ሳንጠረጥር 5,000 ዶላር ከፍለን ተማርን፤ እዚህ ደግሞ የወገን ነገር ነው ብለን ጠበቃ መያዙን ራሱ እንደ ነውር ቆጠርነው። መሬቱንም በደንብ አልዞርንበትም። ከመንገዱ ዳር ቆመን አየነው። ወደ ውስጥ ጢስ ይታይ ነበር፤ «ማነው ያለው?» ብዬ ስጠይቅ «ሠራተኞች ናቸው» ተባልኩ። ያንን ጢስ እያየሁ ነው የከፈልኩት።

ቤት መሥራት ልንጀምር ስንል በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፤ የኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። በጥር 2013 ዓ.ም. አጥር ለማጠር ስንሄድ ጢሱ የሚወጣበት ጎጆ ድረስ ገባን። አንዲት አሮጊት ወጡ። ልጆቹ «ጃጃ» ይሏቸዋል፤ አያት ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ አስተረጎመልን። እዚያ መሬት ላይ ተወልደዋል። ቡናውን የተከሉት እሳቸውና ባላቸው ናቸው። ከሙዙ ሥር አምስት መቃብር አለ፤ ባላቸውና ልጆቻቸው።

በኋላ ጠበቃ ዘንድ ሄደን ሲብራራልን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዞች ከቡጋንዳ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት መሬቱ በካሬ ማይል እየተለካ ለመኳንንቱና ለባለሥልጣናቱ ተደለደለ፤ ማይሎ የሚለው ስም ከማይል የመጣ ነው። ቀድሞ መሬቱ ላይ ይኖር የነበረው ገበሬ ግን እዚያው ቀረ፤ ለባለመሬቱ ዓመታዊ ግብር እየከፈለ። የእሱ ይዞታ «ኪባንጃ» ይባላል። የዛሬው ሕግ ለባለኪባንጃው ጥበቃ ይሰጠዋል፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይነሳም፤ ባለመሬቱ መሬቱን ሲሸጥም አስቀድሞ እንዲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነው። አንድ መሬት ላይ ሁለት ባለመብት አለ ማለት ነው፤ ወረቀቱ በአንዱ እጅ፣ መቃብሩ በሌላው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። ከሚያመርቱት ለባለመሬቱ እያካፈሉ፣ በበዓል ሙክት እየነዱ፣ መሬቱ ሲሸጥ አዲሱ ጌታ ማን ይሆን ብለው ሲፈሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን አያቴ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሱ እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። እኔም የእሳቸው የልጅ ልጅ፣ ባሕር ተሻግሬ ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ፣ በሌላ አገር አንዲት አያትን ከመቃብራቸው ላይ ላስነሳ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ አጥሩን ያመጡትን ልጆች እዚያው አሰናበታቸው። ጃጃ ነገሩ እንዳልተጠናቀቀ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ስንወጣ አቮካዶ በዘንቢል ሞልተው ሰጡን።

ገንዘቡን ለማስመለስ ሞክረናል። መሬቱ በስሙ የተጻፈው ሰው ስልክ ማንሳት ተወ። ያገራችን ሰውም እንዲሁ። እዚያ ያማከርናት ጠበቃ የውስጥ ውሉ የአገሩን ሕግ ለመሸሽ የተጻፈ በመሆኑ ፍርድ ቤት ይዘን ብንሄድ እኛኑ እንደሚጎዳን ነገረችን። 34,000 ዶላሩ ቀረ። በቤታችን ውስጥ ሦስት ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር የሚጎዳው ኪስን ብቻ አይደለምና፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ አንዳችሁ እምቢ ስትሉ ሌላችሁ ስሙ። እኔ ስለ ጢሱ ሁለተኛ ጥያቄ ልጠይቅ ብዬ ዝም ያልኩት ባለቤቴን ላለማስቀየም ነበር፤ እሱም በውስጥ ውሉ አልተመቸውም ነበር፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብሎ ፈረመ።

በሰው ስም አትግዙ። ዘመድ ይሁን፣ የንስሐ ልጅ ይሁን፣ የጡት ልጅ ይሁን፣ የአገሩ ሕግ በስማችሁ ካልፈቀደ የእናንተ አይደለም። መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ዙሩት፤ ጎረቤቱን «ይህ የማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጢስ ካያችሁ ምድጃው ድረስ ሂዱ።

ከዚያ ወደ ኬንያ ስንሄድ ሌላ ሰዎች ሆነን ነበር። ምንም ሳንገዛ ናይሮቢ ሰባት ወር ተከራየን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የውጭ ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ፣ ከ99 ዓመት ሳይበልጥ ነው ይላል፤ ስለዚህ «የዘላለም ባለቤትነት» ብሎ የጀመረንን ሻጭ ከመጀመሪያዋ ቃል ተውነው። ሁለት አፓርታማ ወደድን። በቁጥሩ ከመሬት መዝገብ ቤት ይፋዊ ማጣሪያ አስወጣን። የአንደኛው ሻጭ ቁጥሩን ስንጠይቀው ጠፋ። የሁለተኛው «የ99 ዓመት ሊዝ» እውነት ነበር፣ ግን የተጀመረው ድሮ ነው፤ የቀረው 38 ዓመት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሊዙ ስንት ዓመት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንት ዓመት ቀርቶታል በሉ። ናይሮቢን አልጠላናትም። አየሯ ጥሩ ነው፣ ሐኪም ቤቷ ጥሩ ነው፤ ከእነዚያ አገሮች ሁሉ ዛሬም ለሰው የምመክራት እሷን ነው፣ በኪራይ።

ያላሰብነው ነገር ወደ አገር ቤት መለሰን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ አማቴ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ ተጭነው ጣርማ በርን ወጥተው ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ገቡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤቴ በስልክ ድምፃቸውን ሲሰማ ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር ዳርቻ አላወራም። በ2015 ዓ.ም. ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን።

እዚህም ወዲያው አልገዛንም። መጀመሪያ ሮቢት ተከራየን። ቆላ ነው፤ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ፤ ባለቤቴ ጉልበቱ ተፈታ። እኔ ግን ሙቀቱን አልቻልኩም፣ ወባም ያዘኝ። አጎበር ሳትሰቅሉ አንድ ሌሊት አትደሩ፤ እኔ «ለአንድ ቀን ነው» ብዬ ነው የተያዝኩት። ደብረ ብርሃን ስወጣ ደግሞ እሱ ነው በሌሊቱ ብርድ የሚቆራመደው። በመካከላቸው መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ተራራው ግን ሁለት አገር አድርጓቸዋል። ዓለም ዞረን የፈለግነው ቆላና ደጋ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር። የጸጥታው ሁኔታ ከባድ መሆኑን አልደብቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ ሆነን የከረምንባቸው ሳምንታት አሉ። ለዚህ ነው ቤቱን ደብረ ብርሃን ያደረግነው፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ አዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሮቢት ላይ በእናቱ ግቢ አንዲት ክፍል ብቻ አደስን።

የአሜሪካ ዜግነት ስላለን ቢጫ ካርድ አወጣን፤ በእሱ ቤት በስም ማስመዝገብ ይቻላል። በቅርቡ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎችም የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። እዚህም ቢሆን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው፤ የከተማ መኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው። ሻጩን ከማዘጋጃ ቤት ጋር አመሳከርን፤ ካርታው የራሱ መሆኑን፣ የሊዝ ክፍያው የት እንደደረሰ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በደብዳቤ አጣራን። ሚስቱ ካልፈረመች አንከፍልም አልን። ውሉ ውልና ማስረጃ እስኪገባ ቀብድ እንኳ አልሰጠንም። ከከተማው ዳር ገበሬው በእጅ ጽሑፍ የሚሸጠውን መሬት በግማሽ ዋጋ ያቀረቡልን ነበሩ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሲፈርስ ካሳ የለውም፤ የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ያየሁ ሰው ነኝ። ገበሬውም በኋላ መሬት አልባ ሆኖ ልጆቹን ለቀን ሥራ ሲልክ አይቻለሁ፤ ያኔ ጃጃ ትዝ ይሉኛል።

አንድ ስህተት ግን እዚህም ሠራን። በ2016 ዓ.ም. ቤቱን እስክናገኝ ድረስ የያዝነውን ዶላር በብዛት መነዘርነው፣ አንዱን ዶላር በ56 እና በ57 ብር። በሐምሌ 22 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ። ለዲያስፖራ የተፈቀደውን የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ ከፍተን ማቆየት ስንችል ነው። የምትከፍሉበት ቀን ሳይደርስ አትመንዝሩ።

አገር ቤት ሆናችሁ ውጭ ቤት ለመግዛት የምታስቡም ትጽፉልኛላችሁ። ባንክ ለዚህ ጉዳይ የውጭ ምንዛሬ አይሰጣችሁም፤ ስለዚህ ሰው በጓሮ በር ይልካል። በጓሮ በር የሄደ ገንዘብ ሲጠፋ የት ብላችሁ ትከሳላችሁ? እኔ በባንክ የላክሁትን እንኳ ማስመለስ አልቻልኩም።

ቤታችን ትንሽ ናት። በጀርባዋ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተከራይተዋቸዋል፤ የሚከፍሉት የጣሪያና የቧንቧ ጥገናውን ይሸፍናል እንጂ ጠረጴዛው ላይ ያሰላነውን ትርፍ አያመጣም። እድር ገብተናል። አማቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ድንኳኑን ማን እንደተከለ፣ ውኃውን ማን እንደቀዳ አላየሁም፤ ሁሉ ተሠርቶ ነው ያገኘሁት። ባለቤቴ ኑዛዜውን ጽፎ በፍርድ ቤት አስቀምጦታል፤ እኔም እንዲሁ።

ለወንድሜ ልጅ ለሻጩ የምታቀርበውን ጥያቄ በስልክ እያስጻፍኩ ሰጠኋት። ዛንዚባር መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሊዙ ዘመን ስንት ቀርቶታል? የምመዘገበው በስሜ ነው ወይስ በኩባንያው ስም? ቁጥሩ ስንት ነው፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ላጣራው? ሕንፃው ሳያልቅ ገንዘቤ በማን ሂሳብ ነው የሚቀመጠው፣ ባይጨርሱትስ? ብሸጠው ዶላሬን ማውጣት እችላለሁ? ብሞት እናቴ በምን ወረቀት ትወርሰኛለች? ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ሲጭር ይሰማኝ ነበር።

ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ሻጩ ራሱ ደወለላት፤ ዋጋው አልጨመረም። ከጥያቄዎቿ ለሁለቱ መልስ ሰጥቷታል፣ የቀሩትን «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብሏታል። ገንዘቧ ባንክ ውስጥ ነው።